«የመሮው መዶሻ የታለ?» — የእንጨት መዶሻ አመራረጥ፣ አሠራርና አጠቃቀም ለአጥቢያ የእንጨት ሥራ

ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ባሠራ ጊዜ ድንጋዩ ተጠርቦና ተስተካክሎ ይመጣ ስለ ነበር፣ ሕንጻው በሚሠራበት ስፍራ የመዶሻም ሆነ የመጥረቢያ ድምፅ እንዳልተሰማ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፎ እናገኛለን። አባቶቻችን ይህን ታሪክ በምሥጢር ያመሠጥሩታል። በልማት ሥራ የምናገለግል እኛ ደግሞ ከምሥጢሩ ጎን አንድ ተግባራዊ ትምህርት እንወስድበታለን፤ ይኸውም መልካም ሥራ ከመልካም ዝግጅት እንደሚጀምር ነው። መሣሪያውን በሚገባ ሳያዘጋጅ ሥራ የጀመረ በመካከል ይቆማል። እኛም ቆመን ነበርና፣ ሌሎች አጥቢያዎች በዚያው እንቅፋት እንዳይሰናከሉ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ስለ አንድ መዶሻ ነው። ነገር ግን በዚህ ትንሽ ነገር ምክንያት አንድ ሥልጠና ተቋርጧል፣ የቤተ ክርስቲያን በር ሳይገጠም ከርሟል፣ አንድ ወጣትም ለጥቂት ዓይኑን ሳያጣ ቀርቷል።

የስሕተታችን ታሪክ

በጊንጪና በአምቦ መካከል በሚገኝ አንድ የገጠር አጥቢያ፣ ሰበካ ጉባኤው ሥራ አጥ ወጣቶችን በእንጨት ሥራ ለማሠልጠን ወሰነ። የመጀመሪያው የተግባር ልምምድ ያረጀውን የቤተ ክርስቲያኑን ምዕራባዊ በርና ሁለት መስኮቶች ማደስ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ወጣቶቹ ሙያ ይማራሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም በር ታገኛለች።

የግዢውን ዝርዝር የጻፍነው እኛ ነን። «መሮ 12፣ መጋዝ 6፣ መላጊያ 4፣ መዶሻ 6» ብለን ጻፍን። ገዢ ሆነው የተላኩት የኮሚቴው አባል በታማኝነት የታዘዙትን አመጡ፤ ስድስት የብረት መዶሻ፣ የሚስማር መምቻ። ማንም አልተቃወመም፤ በወረቀቱ የተጻፈው «መዶሻ» ነበርና። በቋንቋችን ይህ አንድ ቃል የብረቱንም የእንጨቱንም መሣሪያ ስለሚይዝ፣ «የእንጨት» የምትለውን አንዲት ቃል ባለመጨመራችን ጉዳቱ ደረሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ከ12ቱ መሮዎች የሰባቱ እጀታ ተሰንጥቆ ነበር። ከሚሰነጠቁት አንዱ ፍንጣሪ አውጥቶ የአንድ ሠልጣኝ ጉንጭ ከዓይኑ በታች መታው። ቁስሉ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ፤ እናቱ ግን «ሙያው ይቅርብኝ፤ የልጄ ዓይን ይበልጥብኛል» ብለው ልጃቸውን አስቀሩት። ሊፈረድባቸው አይገባም። ሌሎቹም እጀታው በተሰነጠቀ መሮ መሥራት ስላልቻሉ ሥልጠናው ቆመ። በዚያ ዓመት ክብረ በዓሉ የተከበረው በበሩ ፋንታ መጋረጃ ተጋርዶ ነበር።

በአጥቢያው ዕድሜያቸው የገፋ አንድ አናጺ አሉ፤ አሮጌውን በር በወጣትነታቸው የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ምክር ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው ስንሄድ የተሰነጠቁትን መሮዎች አይተው፣ ከዚያም መዶሻዎቹን አገላብጠው «ልጆቼ፣ ይህ የሚስማሩ ነው፤ የመሮው መዶሻ የታለ?» አሉን። ከዚያም ከአልጋቸው ሥር ካለው ከረጢት ከወይራ የተሠራ፣ ሁለቱም ፊቱ በምት ብዛት የተለሰለሰ የእንጨት መዶሻ አወጡ። ከዚህ በታች የምንጽፈው አብዛኛው ነገር ከእርሳቸው ተምረን፣ በኋላም በሌሎች አጥቢያዎች ስንሠራበት ያረጋገጥነው ነው።

ብረት የመሮን እጀታ ለምን ይሰነጥቃል?

የብረት መዶሻ የተሠራው ለሚስማር ነው። ፊቱ ጠባብ ነው፤ ስፋቱ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ብረቱ አይለጠጥም፣ አይሰምጥም፤ ስለዚህ የክንዳችን ኃይል በሙሉ በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ በቅጽበት ያርፋል። ለሚስማር ራስ ይህ ተገቢ ነው፤ ለእንጨት እጀታ ግን ጥፋት ነው። የእጀታው ራስ በመጀመሪያ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል፣ ቀጥሎ ጫፉ ይበታተናል፣ በመጨረሻም እጀታው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። የፕላስቲክ እጀታም ቢሆን ጥቂት ይታገሥ እንጂ ዕጣው ተመሳሳይ ነው።

የእንጨት መዶሻ ግን ፊቱ ሰፊ ነው፤ ሲመታም ራሱ በመጠኑ ይሰጣል። ኃይሉ በሰፊው ቦታ ይከፋፈላል፣ ምቱም እንደ ብረት ድንገተኛ ሳይሆን እንደ ግፊት ይሆናል። መሮው እኩል ወደ ፊት ይሄዳል፣ እጀታው ግን አይጎዳም። የሚያልቅ ነገር ካለ የሚያልቀው መዶሻው ነው፤ እርሱ ደግሞ በግማሽ ቀን ሥራ ይተካል።

ሁለተኛም ጥቅም አለው። የፊቱ ስፋት ሠራተኛው የመሮውን ራስ እንዳያይ ነጻነት ይሰጠዋል። በጠባብ ብረት የሚመታ ሰው እጁን እንዳይመታ ዓይኑን ከመዶሻው ላይ አያነሣም፤ መሮው የት እንደሚቆርጥ ግን አያይም። በሰፊ የእንጨት መዶሻ የሚሠራ ዓይኑን በመሮው ስለት ላይ ያሳርፋል። የቀዳዳው ጠርዝ ቀጥ ብሎ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር መለየት ይገባል። በየገበያው አንጥረኞች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሯቸው፣ ከራስ እስከ ስለት ብረት ብቻ የሆኑ መሮዎች አሉ። እነዚህ በብረት መዶሻ ቢመቱ እጀታ የላቸውምና አይሰነጠቁም። ይሁን እንጂ ራሳቸው በምት ብዛት ወደ ጎን ይዘረጋል፤ የተዘረጋው ጠርዝም ተሰብሮ ሊፈናጠር ይችላል። ስለዚህ የተዘረጋውን ጠርዝ በየጊዜው በሞረድ ወይም በመሳያ ማንሣት ግዴታ ነው።

የመዶሻ ዓይነቶችና ክብደታቸው

ለአንድ አነስተኛ የአጥቢያ የእንጨት ሥራ ክፍል አራት ዓይነት መዶሻ እንለያለን።

የመጀመሪያው ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት መዶሻ ነው። ለበር፣ ለመስኮት፣ ለወንበርና ለጠረጴዛ የሚያገለግለው ዋናው ይህ ነው። የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ በሌላው ቀዳዳ በሚገባበት መጋጠሚያ፣ ቀዳዳውን በመሮ የምንቆፍረው በዚህ መዶሻ ነው። ለከባድ ቁፋሮ ከነእጀታው ከ700 እስከ 900 ግራም፣ ለቀላል ሥራ ደግሞ 450 ግራም ገደማ የሚመዝን ይበቃል።

ሁለተኛው ድቡልቡል ራስ ያለው የቅርጽ መዶሻ ነው። የእንጨት መስቀል፣ የአትሮንስ ጌጥ ወይም በበር ላይ ሐረግ ለሚቀርጹ ባለሙያዎች ይመቻል። ዙሪያው ሁሉ ፊት ስለ ሆነ በማንኛውም አቅጣጫ ቢመታ ያው ነው፤ ቀራጩ መሮውን እያዞረ ሲሠራ መዶሻውን ማዞር አያስፈልገውም። ከ400 እስከ 600 ግራም መልካም ነው።

ሦስተኛው የጎማ መዶሻ ነው። ይህ መጋጠሚያዎችን አንኳኩቶ ለማስገባት እንጂ መሮ ለመምታት አይሆንም፤ ይነጥራልና የክንድን ኃይል ያባክናል። ጥቁሩ ጎማ በነጣ እንጨት ላይ እድፍ ስለሚተው፣ በመካከል ቁራጭ እንጨት ወይም ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ መምታት ያስፈልጋል።

አራተኛው የብረት መዶሻ ነው፤ ቦታው ሚስማር ላይ ነው። ከክፍሉ መጥፋት የለበትም፣ ከመሮ ጋር ግን በአንድ መስቀያ አይሰቀል። ጀማሪ ሠልጣኝ እጁ ቅርብ የሆነውን ያነሣልና።

ክብደትን በተመለከተ «ከባድ ከሆነ ሥራ ያፈጥናል» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ከባድ መዶሻ የጀማሪን አንጓ ያደክማል፤ የደከመ እጅ ደግሞ አቅጣጫ ይስታል። ሠልጣኙ ሩብ ሰዓት ያህል ሳያርፍ ሊሠራበት የሚችለው መዶሻ ለእርሱ ትክክለኛው ነው።

ከየትኛው እንጨት ይሠራ?

ለመዶሻ ራስ ጠንካራ፣ ከባድና በቀላሉ የማይፈለጥ እንጨት ያስፈልጋል። በምዕራብ ሸዋ ወገኖቻችን «ኤጀርሳ» የሚሉት ወይራ ከሁሉ ይበልጣል። ቃጫው ጥብቅ፣ ክብደቱም ከሌሎች ዛፎቻችን የላቀ ነው። ሞቅ ባሉት ቦታዎች የሚገኘው ግራርም ጠንካራ ነው።

ወገኖቻችን «ወዴሳ» የሚሉት ዋንዛ ለከበሮ፣ ለበርና ለዕቃ የተወደደ ቢሆንም ለመዶሻ ራስ ቀላልና ለስላሳ ነው፤ ፊቱ ቶሎ ይሰምጣል። «ቢርቢርሳ» የሚባለው ዝግባም እንዲሁ ነው። ጽድ ቀጥ ብሎ ይፈለጣል፤ ለአጥር ቋሚ የሚመረጥበት ይህ ጠባዩ ለመዶሻ ጉዳት ነው። «መካኒሳ» የሚባለው ብሳናና ግራቪሊያም ለዚህ ሥራ ይቀላሉ።

ባሕር ዛፍ በየደጃችን አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት በመመናመኑ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በዚሁ በእኛ መንገድ ላይ የምትገኘውን አዲስ ዓለምን አዲሲቱ መዲና ለማድረግ አስበው ነበር። ሐሳቡ ከቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ መስፋፋቱ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ ከሆለታ እስከ አምቦ ድረስ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ የሚታየው ይኸው ዛፍ፣ በጥንቃቄ ከተመረጠና በሚገባ ከደረቀ ለመዶሻ ሁለተኛ ምርጫ ይሆናል። ወጣቱ ቀጭን አጣና ግን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ያረጀ ዛፍ ግንድ ከሥሩ አጠገብ ያለው ክፍል፣ ቃጫው እርስ በርሱ የተጠላለፈው፣ ይመረጣል። ለእጀታ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቃጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ፣ የቅርንጫፍ ዓይን የሌለበት እንጨት ይፈለጋል። ለዚህ ባሕር ዛፍ መልካም ነው።

ስለ መዶሻ ብሎ ዛፍ አይቆረጥም

በዚህ ነጥብ ላይ ለአባቶቻችን ልዩ ማሳሰቢያ አለን። ወይራ ይሻላል ሲባል በዚያው አጥቢያ አንዳንድ ወጣቶች «በቅጥሩ ውስጥ ወይራ ሞልቶ የለምን?» ብለው መጋዝ አንሥተው ነበር። ቄሰ ገበዙ ከለከሉ። «አባቶቻችን ያቆዩልንን ዛፍ ለመዶሻ ብላችሁ ብትጥሉት ነገ ለምሰሶ ምን ልትሉ ነው?» አሉ። ትክክል ነበሩ። በጊንጪ አቅራቢያ ካለው ከጭሊሞ ደንና ከአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ውጭ በአካባቢያችን ያረጀ ወይራ፣ ጽድና ዝግባ አብረው የሚታዩበት ቦታ ጥቂት ነው። የቤተ ክርስቲያን ደን የዘር ጎተራ ነው፤ ለመዶሻ አይነካም።

ደግሞም መቁረጥ አያስፈልግም። አንድ መዶሻ የሚፈልገው ከሁለት ጡብ ብዙ የማይበልጥ እንጨት ነው። ይህን ያህል ወይራ በየቤቱ ሳይታሰብ ይገኛል፤ የተሰበረ ሞፈር፣ ያረጀ የአጥር ቋሚ፣ ያለቀ ዘነዘና፣ በነፋስ የወደቀ ቅርንጫፍ። እነዚህ ለዓመታት የደረቁ ስለ ሆኑ ከተቆረጠ እርጥብ ዛፍ ይልቅ የተሻሉ ናቸው። አሮጌ ቋሚ ከሆነ ግን ከመጋዝ በፊት ሚስማርና ሽቦ እንደሌለበት በጥንቃቄ ይመርመር።

እንጨቱ ከቤተ መቅደስ ወይም ከንዋየ ቅድሳት የወጣ ከሆነ ደግሞ ማንም በራሱ ፈቃድ ለመሣሪያ እንዳያደርገው እናሳስባለን። ውሳኔው የአስተዳዳሪውና የቄሰ ገበዙ ነው።

እርጥብ እንጨት ብቻ ከተገኘ በጥላ ስር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይደርድር። ሁለቱ የተቆረጡ ጫፎች በሰም ወይም በቀለም ይቀቡ፤ እንጨት የሚሰነጠቀው ውኃው በጫፎቹ በኩል ፈጥኖ ሲወጣ ነውና። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ስንጥቅን ይጋብዛል። መድረቁን ለማወቅ በየወሩ በገበያ ሚዛን ይመዘን፤ ክብደቱ መቀነሱን ባቆመ ጊዜ ደርቋል ማለት ነው። ይህ ክረምቱን ሳይጨምር ከአንድ በጋ በላይ ሊወስድ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በእርጥቡ የተሠራ መዶሻ እጀታው በወሩ ይወልቃል።

አሠራሩ

ለከባድ ሥራ የሚሆነው ባለ አራት ማዕዘን መዶሻ ልኩ እንዲህ ነው። ራሱ 14 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 9 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ 6.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። እጀታው 36 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 2.2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ከወይራ ሲሠራ ከነእጀታው ከ800 እስከ 900 ግራም፣ ከባሕር ዛፍ ሲሠራ 700 ግራም ገደማ ይመዝናል።

አንደኛ፣ የራሱ ቃጫ በርዝመቱ አቅጣጫ እንዲሄድ ተደርጎ ይቆረጥ። በዚህ ጊዜ የሚመታው ፊት የተቆረጠው ጫፍ ይሆናል። ሥጋ ሻጮች የሚከትፉበት ጉቶ በቢላ ብዛት ቶሎ የማያልቀው በቆመው ቃጫ ላይ ስለሚመታ ነው፤ መዶሻውም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፣ እንጨቱ ገና አራት ማዕዘን ሳለ የእጀታው ቀዳዳ ከላይ እስከ ታች ይውጣ። ስፋቱ 2.2 ሳንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱ ግን ከላይ 4፣ ከታች 3.4 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ማለትም ወደ ታች እየጠበበ ይሂድ። ከላይም ከታችም በስኳድራ መስመር ተሰምሮ፣ መካከሉ በመሰርሰሪያ ከተበሳ በኋላ፣ ከሁለቱም ወገን ወደ መሐል በመሮ ይጥራ። ከአንድ ወገን ብቻ የሚቆፍር በሌላው በኩል ጠርዙን ይገነጥላል።

ሦስተኛ፣ እጀታው ከቀዳዳው ጋር እንዲስማማ ይላግ። ላይኛው ጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ወደ ታች እየጠበበ መጨበጫው ላይ 3.2 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የሚገባውም እንደ ዶማ እጀታ ከላይ ወደ ታች ነው። ይህ የአሠራሩ ዋና ጥበብ ነው። መዶሻው ሲወነጨፍ ራሱ ወደ ውጭ መሄድ ይፈልጋል፤ የእጀታው ሰፊ ጫፍ ግን ይይዘዋል። ስለዚህ በተሠራበት ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይላላም፤ ሚስማርም ሽብልቅም ኮላም አያሻውም።

አራተኛ፣ ሁለቱ ፊቶች በጥቂቱ ያዘንብሉ። ርዝመቱ ከላይ 14 ሳንቲ ሜትር እንደ ሆነ ይቆይና ከታች፣ በእጀታው በኩል፣ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ፊት አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል ማለት ነው። ክንዳችን የሚወዛወዘው በክርናችን ዙሪያ ስለ ሆነ፣ ፊቱ እንዲህ ሲያዘነብል የመሮውን ራስ በሙሉ ስፋቱ ያገኘዋል። ቀጥ ያለ ፊት ግን በጠርዙ ይመታል።

አምስተኛ፣ የራሱ ሹል ጠርዞች ሁሉ በመላጊያ ወይም በሞረድ ይላጉ። ሹል ጠርዝ በመጀመሪያው ምት ይገነጠላል። የእጀታውም ማዕዘኖች እንዲሁ ይለዝቡ፤ ፈጽሞ ድቡልቡል ግን አይሁኑ። ጠፍጠፍ ያለ መጨበጫ መዶሻው ወዴት እንደ ዞረ ለእጅ ይነግራል።

ይህ ሁሉ ለማይመቸው አጥቢያ ቀላል መንገድ አለ። ውፍረቱ ዘጠኝ ወይም አሥር ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የደረቀ የወይራ ቅርንጫፍ ተወስዶ የታችኛው ግማሽ ለመጨበጫ ይጠረብ፤ የላይኛው ግማሽ ራስ ይሆናል። ከአንድ ወጥ እንጨት ስለ ሆነ የሚወልቅ ነገር የለውም።

አጠቃቀሙ

የሚሠራው እንጨት በሞርሳ ወይም በሌላ መያዣ ይጥበቅ፤ በጉልበት ወይም በእግር ተይዞ አይመታ። ከተቻለ በሥራ ጠረጴዛው እግር ትይዩ ይቀመጥ፤ በጠረጴዛው መካከል ላይ የተመታ ምት ግማሹ በመንጠር ይባክናል።

መሮው የተሳለ ይሁን። ያልተሳለ መሮ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፤ ለብዙ እጀታዎች መሰንጠቅ ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው። ኃይል ሲጨመር ሥራው ካልሄደ፣ የሚያስፈልገው ሌላ ምት ሳይሆን መሳያ ነው።

ለከባድ ምት እጀታው ከጫፉ አጠገብ፣ ለጥንቃቄ ሥራ ከራሱ አጠገብ ይያዝ። ምቱ ከክርን ይነሣ፤ ትከሻ አይግባበት። መዶሻው በራሱ ክብደት እንዲወድቅ ይተው፤ እጅ አቅጣጫ ይሰጠዋል እንጂ አይገፋውም።

የመጋጠሚያ ቀዳዳ ሲቆፈር ከመካከል ይጀመር። በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይቅርና መጨረሻ ላይ ይጥራ፤ ፍርፋሪው በመሮ ሲነሣ የሚደገፍበት ጠርዝ ቢሰባበርም ይህ ትርፍ አብሮት ይወገዳልና። እስከ ግማሽ ከተቆፈረ በኋላ እንጨቱ ተገልብጦ ከሌላው ወገን ይጨረስ።

በእንጨት መዶሻ ሚስማር፣ ብሎን ወይም ማንኛውም ብረት አይመታ። አንድ የሚስማር ራስ በፊቱ ላይ የሚተወው ጉድጓድ መዶሻውን ከመሮው ላይ እንዲንሸራተት ያደርገዋል።

እንክብካቤና ደኅንነት

አዲስ መዶሻ የተልባ ዘይት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ ጥቂት ቀናት እየተተወ ይቀባ። ዘይቱን የጠጣው ጨርቅ ግን ተጨማድዶ በማዕዘን አይጣል፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር፣ የተከመረ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁ ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ ወይም በውኃ ይነከር።

መዶሻው በፀሐይ፣ በዝናብና በእሳት አጠገብ አይቀመጥ። ራሱ ከላላ ተገልብጦ፣ ከላይ ብቅ ያለው የእጀታው ጫፍ በጠረጴዛ ላይ ጥቂት ጊዜ ይንኳኳ፤ ራሱ ወደ ሰፊው ጫፍ ወርዶ ይጠብቃል። ፊቱ ከሻከረ በመላጊያ ይስተካከል። ራሱ ጥልቅ ስንጥቅ ካወጣ ግን በሽቦ እየታሰረ አይሠራበት፤ ይቀየር።

ሠልጣኝ ሁሉ የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ። የተሰነጠቀ የመሮ እጀታም በዚያው ቀን ከሥራ ይውጣ። ይህን የምንጽፈው በዚያች እናት ፊት ቆመን መልስ ያጣንበትን ቀን እያሰብን ነው።

ለሰበካ ጉባኤያት የምናቀርበው ሐሳብ

በግዢ ዝርዝር ላይ «መዶሻ» ተብሎ ብቻ አይጻፍ። «የብረት መዶሻ፣ ለሚስማር» ወይም «የእንጨት መዶሻ፣ ለመሮ» ተብሎ ከክብደቱ ጋር ይጻፍ። ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊትም በአጥቢያው ያለ አንድ አናጺ ይየው። እኛ ያን አረጋዊ አባት አስቀድመን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ ነበር።

የሥልጠናው የመጀመሪያ ትምህርት እያንዳንዱ ሠልጣኝ የራሱን መዶሻ መሥራት ይሁን። በዚህ አንድ ሥራ ውስጥ መለካት፣ መሰንጠቅ፣ መላግ፣ መብሳትና ቀዳዳ ማውጣት ሁሉም አለ። እንጨቱ ትንሽ ስለ ሆነ ቢበላሽም ኪሳራው ትንሽ ነው። ለጅምሩ ግን ቀዳዳውን የሚቆፍሩበት አንድ ሁለት መዶሻ ከአካባቢው አናጺ በውሰት ይገኝ፤ ካልሆነም ከቅርንጫፍ የሚጠረበው ወጥ መዶሻ ይቅደም።

በነጻ የተሠራም ቢሆን በክፍሉ የሚቀረው መዶሻ በንብረት መዝገብ ይግባ። ሠልጣኙ የሠራውን ግን ሥልጠናውን ሲፈጽም ይዞት ይሂድ። ከእኛ ዘንድ ሲወጣ በእጁ የያዘው የመጀመሪያው የሥራ መሣሪያው ነውና።

በዚያች አጥቢያ ሥልጠናው እንደ ገና ተጀመረ። ሰባቱ መሮዎች አዲስ እጀታ ገባላቸው፤ መዶሻዎቹም ከተሰበረ ሞፈርና ከአሮጌ የአጥር ቋሚ ተሠሩ። ወደዚያ ወጣት ቤት ሄደው እናቱን ይቅርታ የጠየቁት ቄሰ ገበዙና አረጋዊው አናጺ ነበሩ፤ መጠየቅ የነበረብን ግን ዝርዝሩን የጻፍነው እኛ ነበርን። ዘግይተን እኛም ሄድን። እናቲቱ መዶሻውን ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት፣ ፊቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ከዚያም ለልጃቸው ሰጡት። በሩ በሚቀጥለው ዓመት ክብረ በዓል በቦታው ተገጥሞ ነበር።

እግዚአብሔር አምላክ የአጥቢያዎቻችንን የእጅ ሥራ ይባርክልን።